በአሊዩ አምባ በመቶ አራት ዲግሪ የፈላው ውሃ

ውሃው በመቶ አራት ዲግሪ ፈላ።

አልታየች ኃይለ ገብርኤል ቁጥሩን አየች፤ መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ እንደገና አየች። ያለችው በአሊዩ አምባ ጤና ጣቢያ የዕቃ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ፊት ለፊቷ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ክዳን የሌላት ተራ ድስት ትንተከተካለች። ውሃው ውስጥ የተነከረ የጣት ያህል የሙቀት መለኪያ ሴንሰር በቀጭን ሽቦ ከአንዲት የብረት ሳጥን ጋር ተያይዟል፤ በሳጥኗ ፊት ቀይ ቁጥር ይበራል። 104።

በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ ከመቶ ዲግሪ አያልፍም። እሳት ቢጨመርበት ትርፉ ሙቀት እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል እንጂ ውሃው ከዚያ በላይ አይግልም። ስለዚህ ሳጥኗ ዋሽታለች ማለት ነው። ሳጥኗን የሠራቻት ደግሞ ራሷ አልታየች ናት፤ የእሷ ታላላቆች የሆኑ ስድስት ሳጥኖችም በስድስት ጤና ጣቢያዎች አራት ወር ሙሉ ሲሠሩ ቆይተዋል።

የፍርሃቷን ልክ ለማወቅ አውቶክሌቭ የሚባለውን ዕቃ ማወቅ ይጠይቃል፤ ማወቁም ደስ የሚል ነገር ነው። አውቶክሌቭ የሕክምና ዕቃ መቀቀያ ነው፤ የቤቱ ፕሬዠር ኩከር ታላቅ ወንድም ቢባል ያስኬዳል። ወፍራም የብረት በርሜል፣ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ክዳን፣ ከሥር ውሃና ማሞቂያ፤ ይኸው ነው። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ይታመቃል። በታመቀ ቁጥር ውሃው የሚፈላበት ሙቀትም አብሮት ከፍ ይላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ መቶ ሃያ አንድ ዲግሪ ይደርሳል። መቀስም ሆነ መቆንጠጫ በዚያ ሙቀት ሠላሳ ደቂቃ ከቆየ በላዩ ነፍስ ያለው ነገር አይተርፍም። በመቶ አስር ዲግሪ ግን ይተርፋል። አንዳንድ ጀርሞች ክፉ ቀን ሲመጣ ራሳቸውን በጠንካራ ልባስ ጠቅልለው ይተኛሉ፤ ተራ መፍላት አይበግራቸውም። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ጀርም አንዱ ነው፤ መግቢያው ደግሞ ብዙ ጊዜ በንጹሕ ባልሆነ ብረት የተቆረጠ የሕፃን እትብት ነው።

አልታየች ይህን ሁሉ ታውቀዋለች። የአንኮበር ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ዜማ ሲያስተምሩ አንዲት ምልክት ያለቦታዋ ከገባች ተማሪውን ከመጀመሪያው ያስጀምሩት ነበር። እሷም በደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የእንፋሎት ቦይለር ስትጠብቅ በዚሁ ጠባይ ነው የኖረችው፤ ሁሉን ትለካለች፣ የለካችውን ትጽፋለች። ዋሴ የሚባል የብረታ ብረት ባለሙያ ጠባሴ ሰፈር ውስጥ ወርክሾፕ ሲከፍት ከሁሉ አስቀድሞ የጠራው እሷን ነው።

ዋሴ የተነሣበት ሐሳብ ቀላል ነበር። ከውጭ የመጣ አውቶክሌቭ የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ፣ ያችን ጎማ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ እስኪገኝ ዓመት ይቆማል። «እዚሁ ብንሠራውስ?» አለ። በርሜሉን የሚበይዱት አሥራ ስድስት ሠራተኞች ናቸው፤ ግማሾቹ ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ የሚኖሩ፣ ከማረሻ በቀር ብረት ይዘው የማያውቁ ገበሬዎች ነበሩ፤ አሁን የብየዳ መስመራቸው በመስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። በዶላር ካልሆነ አይገኝም የተባለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ደግሞ አልታየች ከአዲስ አበባ በተገዙ ርካሽ ዕቃዎች ገጣጥማ ሠራችው። ዋጋው ከውጭው ሲሶ ነው፤ ቢበላሽ በማግሥቱ ይጠገናል። ወሬው ከአገር ወጣና ሦስት የጎረቤት አገሮች ሁለት መቶ አውቶክሌቭ ለመግዛት ባወጡት ጨረታ የዋሴ ወርክሾፕ ከትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ጋር ለመጨረሻው ዙር ደረሰ። ፈተናው በሚመጣው ሐሙስ አዲስ አበባ ላይ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው።

እያንዳንዷ ሳጥን ስትሠራ ልክ ትያዛለች። ርካሽ ሴንሰር እንደ ሰው ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይናገሩም። ስለዚህ አልታየች ሴንሰሩን በረዶ ውስጥ ትነክርና አንዷን ትንሽ ብሎን ቁጥሩ ዜሮ እስኪል ታዞራለች፤ ቀጥላ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ትነክርና ሁለተኛዋን ብሎን መቶ እስኪል ታዞራለች። ይህን የምታደርገው ደብረ ብርሃን ነው። ማሽኑን በየቦታው ስትተክል ደግሞ መንገዱ አንገላቶት እንደሆነ ብላ በፈላ ውሃ ትሞክረዋለች፤ አሁንም አሊዩ አምባ ላይ ያንኑ እያደረገች ነው።

«ምነው እህቴ፣ ማሽኑን አመመው?» አለቻት የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ዘምዘም፣ በሩን በክርኗ ከፍታ እየገባች።

«ውሃው መቶ አራት አለኝ።»

«ታዲያ ምን ይገርማል? የቆላ ውሃ ነዋ!» ዘምዘም ሳቀች። «የናንተ የደጋው እኮ እሳት ላይም ሆኖ ይበርደዋል። ደብረ ብርሃን ስማር ባቄላ ጥጄ እወጣለሁ፤ ተምሬ ስመለስ ወላሂ ጥሬውን ነው። እዚህ ያው ባቄላ ገበያ ደርሼ እስክመጣ ይፈርስልኛል።»

አልታየች አልሳቀችም። መጀመሪያ ሴንሰሩን ጠረጠረች። ከለስላሳ መሸጫው በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ አስገዝታ፣ ሰብራ፣ ሴንሰሩን በረዶው ውስጥ ነከረችው። ዜሮ አለ፤ ልክ ነው። ድስቱ ውስጥ መለሰችው። መቶ አራት። ደብተሯን አወጣች። የጣርማ በሩን ማሽን በተከለች ቀን የጻፈችው አለ፦ ዘጠና ዘጠኝ፤ «ብርዱ ይሆናል» ብላ ከጎኑ ጽፋለች። የጎረቤላው መቶ አንድ፤ «መንገዱ ይሆናል።» አሁን አሊዩ አምባ መቶ አራት። ጣቷን በሦስቱ ላይ ከላይ ወደ ታች አወረደች። ጣርማ በር ከደብረ ብርሃን ከፍ ይላል። ጎረቤላ ዝቅ ይላል። አሊዩ አምባ ከሁሉም በታች ነው። ቁጥሩ ቁልቁለቱን ተከትሎ ነው የጨመረው።

የዘምዘም ባቄላ ያን ጊዜ ነው የገባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላያችን ያለው አየር ክብደት አለው፤ ውሃን ከላይ ይጫነዋል። ቆላ የአየሩ ቁልል ወፍራም ነው፤ ውሃው ጭነቱን አሸንፎ እስኪፈላ ብዙ መጋል አለበት። ደጋ ቁልሉ ሳሳ ስለሚል ውሃው ገና ሳይግል ይፈላል። መቶ ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠርዝ ላይ ነው። ቦይለር ያሠለጠናት ሽማግሌ መካኒክ «በየሦስት መቶ ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ቀንሽ» ብሏት ነበር፤ ለፈተና አጥንታዋለች፣ አልፋበታለች። ግን ደጋ ተወልዳ፣ ደጋ አድጋ፣ ደጋ የሠራች ሰው ከደጋው መፍላት ሌላ መፍላት አይታ አታውቅም። የሚንተከተክ ውሃ ስታይ መጽሐፉ መቶ ይላል፤ እሷም መቶ አለች። የደብረ ብርሃን ውሃ ግን የሚፈላው ዘጠና ዲግሪን ገና እልፍ ሲል ነው።

በካርቶን ጀርባ ላይ አሰላችው። ሁለት ጊዜ ሰርዛ እንደገና ጀመረች። ሳጥኗ መቶ ሃያ አንድ ስትል እውነተኛው ሙቀት መቶ አስር እንኳን አይሞላም።

«የግፊቱ ጌጅ ግን አረንጓዴው ላይ ከቆመ ልክ ነው ብለሽኛል እኮ» አለች ዘምዘም፣ ቀስ ብላ፣ ሳቋ ጠፍቶ።

«አረንጓዴውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ሳጥኗ መቶ ሃያ አንድ ስትል መርፌው የት እንደቆመ አይቼ።»

አንዱ ስሕተት ሌላውን መስክሮለታል። በሙቀት ቀለሙን የሚለውጠው መፈተኛ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ያጋልጣት ነበር፤ እሱ ግን ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ካለቀ ከርሟል።

አልታየች ጎረቤላን አሰበች። የወንድሟ የገብረ ጻድቅ ሚስት ትርሲት ወሯ ገብቷል። የምትወልደው ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ነው። «የእትዬ ማሽን ያለበት ነው የምወልደው» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ስትመካ ነበር።

ስልኳ ኔትወርክ የለውም። «ይሄን ማሽን እንዳታስነሺው፤ በምንም ምክንያት» አለችና ዘምዘምን ተሰናብታ ወጣች። ገበያ አድርሶ ከሚመለስ አይሱዙ ጋቢና ገባች። ዳገቱን ሲወጡ ኔትወርክ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ብልጭ ይላል፣ በሚቀጥለው ይጠፋል። ወደ ጎረቤላው አዋላጅ ወደ ስንታየሁ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሣም። የማይነሣበትን ምክንያት ልታስብ አልፈለገችም። ሾፌሩ ስለ ማንጎ ዋጋ ያወራታል፤ እሷ «እህ» ትላለች፤ ዓይኗ ከስልኩ አይነሣም።

ጎረቤላ የደረሰችው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ወንድሟ ገብረ ጻድቅ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሟል።

«ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት» አለ። «ማን ነገረሽ?»

አልፋው ገባች። ስንታየሁ ኮሪደሩ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ የማዋለጃ ዕቃ በትሪ ይዞ ሲሄድ አገኘችው።

«ስንታየሁ፣ እሱን አስቀምጥ።»

«እትዬ አልታየች! ቁሚ እስቲ ከመንገድ፤ የወንድምሽ ሚስት አጎት ልታደርግሽ ነው።» ከዚያ ፊቷን አየ። «አክስት ማለቴ ነው። ምን ሆነሻል?»

«ከኔ ማሽን የወጣ ነው?»

«ታዲያ ከማን ማሽን ይወጣል?»

«አልሞተም። ጀርሙ አልሞተም። ሳጥኗ አሥራ አንድ ዲግሪ ትዋሻለች። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ስንታየሁ ትሪውን መስኮት ላይ አስቀመጠ። «አራት ወር ሙሉ በዚህ ነው የሠራሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ ነው ያወቅሁት። አሁን ምን አለህ? የታሸገ?»

«የታሸገ ምላጭ አንድ አለኝ። እትብቱን ይቆርጥልኛል፤ የእትብቱ ማሰሪያ ግን ከዚሁ ጥቅል ነው። መጀመሪያ ስትወልድ ደግሞ ተቀድዳ ነበር፤ ዛሬም ከተቀደደች መስፊያዬ፣ መቆንጠጫዬ ሁሉ እዚህ ጥቅል ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ልላካት ብል መንገድ ላይ ትወልዳለች።»

አልታየች ማሽኑ ወዳለበት ክፍል ሄደች። የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳጥኗ የምትዋሸው በልክ ነው፤ የውሸቷ ልክ ከታወቀ እውነቱ ይታወቃል። እውነተኛውን መቶ ሃያ አንድ ለማግኘት ቀዩ ቁጥር መቶ ሠላሳ አራት እስኪል መንዳት ነው። በወረቀት ላይ ይህ ቀላል ነው። ማሽኑ ግን ወደዚያ ግፊት ሄዶ አያውቅም። ዋሴ እያንዳንዱን በርሜል በቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ፣ በፓምፕ ወጥሮ፣ ከሚፈለገው በላይ ይፈትነዋል፤ ብየዳውን ታምነዋለች። የክዳኑን ጎማ ግን ያስቆረጡት አዲስ አበባ ነው፤ በዚህ ሙቀት ማንም አልሞከረውም። ቢተፋ፣ የፈላ እንፋሎት የክፍሉን ስፋት በአንድ ትንፋሽ ያዳርሳል።

ዕቃውን ከተተች፤ ክዳኑን ዘጋች፤ ብሎኖቹን ፊት ለፊት ያሉትን ጥንድ ጥንድ እያደረገች እኩል አጠበቀች። የሳጥኗን ማቆሚያ መቶ ሠላሳ አራት ላይ አደረገች።

«ስንት ይፈጃል?» አለ ስንታየሁ ከበሩ።

«ከደረሰ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ።»

«ሠላሳ? በይ ግቢና ሕፃኑን ቆይ በይው!»

«ወደ እሷ ሂድ። በሩን ዝጋው። ማንም እንዳይገባ።»

«አንቺስ?»

«የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል።»

በሩ ተዘጋ። ቁጥሩ ይወጣል። መቶ አስር። መቶ ሃያ። የጌጁ መርፌ እሷ ራሷ የቀባችውን አረንጓዴ ደረሰና አለፈው። መቶ ሃያ ሰባት ላይ ከክዳኑ ጠርዝ ስስ ፉጨት ተሰማ፤ ክር የመሰለ እንፋሎት ብቅ አለ። አልታየች ወደ ግድግዳው ተለጠፈች። ብሎኑን ትንሽ ብጨምረው የሚል ሐሳብ መጣባት፤ እጇም ተነሣ፤ መልሳ ያዘችው። ግፊት ያለበት ክዳን አይነካም፤ አሥራ አንድ ዓመት ለአዳዲስ ሠራተኞች ስትናገረው የኖረችው ነው። ከግድግዳው ማዶ ትርሲት ጮኸች። ፉጨቱ ጨመረ። ከዚያ ጎማው እየሞቀ ሲለሰልስ ይመስላል፣ ቦታውን ያዘና ፉጨቱ ቀጥ አለ። ጸጥታው ይበልጥ አስፈራት።

መቶ ሠላሳ አራት። ሰዓቷን አየች።

እነዚያን ሠላሳ ደቂቃዎች አልታየች በኋላ ለሰው ስትተርክ ስለ ርዝመታቸው አታወራም፤ «አየሁት፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም» ትላለች። ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ ምላሱን እንዳወጣ አየች፣ አላወጣም። ብየዳው ላብ እንዳለው አየች፣ የለውም።

«እትዬ! ስንት ቀረሽ?» ስንታየሁ ከማዶ ጮኸ።

«አሥራ ሁለት!»

«እሱ ሁለትም አልሰጠኝ!»

ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር የሕፃን ልቅሶ ሰማች። ልትሮጥ ተነሣች፤ ተቀመጠች። ስንታየሁ ሕፃኑን ከነእትብቱ በእናቱ ደረት ላይ አስተኝቶ ጠበቃት፤ እትብት ለጥቂት ደቂቃ ቢቆይ አይጎዳም፣ እንዲያውም ለልጁ ደም ይጨምርለታል። ሠላሳው ሞላ። እንፋሎቱን ቀስ አድርጋ አስወጣችው። ዕቃውን ስታቀብለው ትርሲት ከአልጋው ላይ ቀና ብላ «እትዬ፣ አንቺም ታምጪ ነበር እንዴ? ላብሽን ጥረጊው» አለቻት። ትርሲት ተቀድዳ ነበር፤ ስንታየሁ ሰፋት።

አልታየች ውጭ ወጥታ ለዋሴ ደወለች። ከመጀመሪያው ጀምራ አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

«አልቱ፣ ስሚኝ» አለ ዋሴ። «የሐሙሱን ማሽን ዛሬ ታስተካክያለሽ። ስድስቱን ደግሞ ለጥገና ብለን ከነገ ጀምሮ እንሰበስባለን። ስለ ዲግሪው ከሐሙስ በኋላ…»

«ጋሼ ዋሴ፣ ለጥገና ካልናቸው የወለዱትን ሴቶች ማን ይጠይቃቸዋል?»

«ይሄ ነገር ከወጣ ከጨረታው ያወጡናል። ‹ውሃ የሚፈላበትን የማያውቁ› ነው የሚሉን። አሥራ ስድስት ሰው ነው ያለን። የመጠለያዎቹን ሰዎች ምን ልበላቸው?»

«አላውቅም።»

«እኔስ በርሜሉን ስበይድ የት ነበርኩ? እኔም የደጋ ሰው አይደለሁም እንዴ!» ድምፁ ተሰበረ፤ ቁጣ ነው ወይስ ሌላ ነገር ልትለየው አልቻለችም። ከዚያ «ጣርማ በር እኔ ራሴ እሄዳለሁ፤ አሁኑኑ። ለሌሎቹም እየደወልኩ አቁሙ እላለሁ፤ ምክንያቱንም እነግራቸዋለሁ። አንቺ ጎረቤላ ቆዪ» አለና ዘጋው። ከሐሙሱ ፈተና መውጣታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ለገዢዎቹ የጻፈው በማግሥቱ ነው፤ ምክንያቱን በሁለት መስመር አስፍሮ፣ ሳያሳምር።

ማክሰኞ ጠዋት አልታየችና ስንታየሁ የወሊድ መዝገቡን ዘርግተው ተቀመጡ። አራት ወር፣ ሠላሳ ሰባት እናቶች። ስንታየሁ ስልኩን ያነብላታል፣ እሷ ትደውላለች። «ልጁ ይጠባል? አልተኮሳተረም? መንጋጋው አልተያዘም? አንቺስ ትኩሳት የለሽም?» አንዷ «ምን ሆናችሁ ነው? ደግሞ ምን ልትሰጡን ነው?» ብላ ሳቀችባት። ሌላዋ ስትሰማ ደንግጣ አለቀሰች፤ ልጇ ደኅና ነው፣ ያለቀሰችው ሊሆን ይችል በነበረው ነው። እስከ ምሳ ሠላሳ አራቱ ተገኙ። ሠላሳ አራቱም ደኅና ናቸው። ለእያንዳንዷ የክትባት ቀጠሮ ያዙላት።

ሦስቱ ስልክ የላቸውም። ሁለቱን ሰፈራቸው ሄደው አዩአቸው፤ ልጆቻቸው ደኅና ናቸው። ሦስተኛዋ ማኅደረማርያም ትባላለች፤ ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ነው፤ ቤቷ ከመንገዱ በታች አንድ ሰዓት ያስኬዳል። አሥራ አንድ ቀን ሕፃን ላይ ክፉ ነገር የሚታይበት ጊዜ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ከቤቱ ሲቃረቡ የሕፃን ድምፅ አልሰሙም። አልታየች ቆመች።

«ነይ እንጂ» አለ ስንታየሁ።

«አንተ ቅደም።»

ማኅደረማርያም ከጓሮ ወጣች፤ ልጇን አዝላለች፤ ተኝቷል። አወረደችው። ስንታየሁ ጨርቁን ፈትቶ እንብርቱን አየ፣ በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ፣ አገጩን ነካ ነካ ሲያደርገው ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ጡት ፈለገ።

«ደርቋል» አለ። «ደኅና ነው።»

አልታየች ጎንበስ ብላ ራሷ አየችው። ቀና አለች።

«እስቲ እንደገና እየው» አለችው።

ስንታየሁ እንደገና አየው። ደኅና ነው። አልታየች ደብተሯን አውጥታ ከሠላሳ ሰባተኛው ስም ጎን ጻፈችውና ገጹን ገለጠች። የሌሎቹ አምስት ጤና ጣቢያዎች መዝገብ ገና ነው፤ የጣርማ በሩ ብቻውን ሃምሳ ሁለት ስም አለበት። ዳገቱን ለመውጣት ፊቷን አዞረች።